የቆመችው መኪና

ጊዝላን ራባት ውስጥ በከተማው ባቡር እየተሳፈረች፣ ሰዎች መኪናቸውን ለምን እንደሚተዉ ለዩኒቨርሲቲዋ ጥናት ትጠይቃለች። ዛሬ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ግራጫ ጀለቢያ ለብሰዋል። ጉልበታቸው ላይ ናና የሞላ ዘንቢል አስቀምጠው የመኪና ቁልፍ በጣታቸው ያገላብጣሉ።

«እማማ፣ መኪና አለዎት እንዴ?»

«አለችኝ። ደጅ ቆማለች፤ በየጁምዓው አጥባታለሁ።»

«መንዳት አይችሉም?»

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሬ ነው የምነዳው!» ብለው ሳቁ።

«ታዲያ ለምን በባቡር?»

ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ለመንዳት ወንበሩን ወደፊት መሳብ አለብኝ። የባለቤቴ እግር ረጅም ነበር፤ እሱ እንዳስተካከለው ነው ያለው።»

ጊዝላን መጻፏን አቆመች።

«ነዳጅ ተወዶባት ነው ብለሽ ጻፊ፣ የኔ ልጅ» አሏትና ዘንቢላቸውን ይዘው ወረዱ።