አማቼና ሁለቱ ውሾች ኦሪገን ባህር ዳር

ባለፈው ሳምንት ይሄን ጊዜ ኦሪገን፣ ውቅያኖስ ዳር፣ በባዶ እግሬ አሸዋ ላይ እየዘለልኩ ነበር... አዎ፣ እኔ! ቅዳሜዬ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አስቤዛ ስሸምት የሚያልቀው ሴትዮ!

ካምፐርቫን ተከራይተን ነው የወጣነው። አልጋም ምድጃም ያለው መኪና ነው፤ በጎማ ላይ የቆመ ቤት በሉት። ከምንኖርበት ከአውሮራ ከተማ ተነስተን ዋዮሚንግንና አይዳሆን አቋርጠን፣ ከዚያ ባህሩን ተከትለን በሀይዌይ 101 ወደ ታች ወረድን። በአንድ በኩል ጫካ፣ በሌላው በኩል ማለቂያ የሌለው ውሃ... ኩርባ በዞርን ቁጥር «ወይኔ!» እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ።

ቫኑ ውስጥ ባለቤቴ፣ እኔ፣ እዚሁ አሜሪካ የተወለደችው ልጃችን ሶልያና፣ ሁለቱ ውሾቿ ማይሎና ሉና፣ እና... አማቼ ነበርን።

አማቼ ጋሽ ታደሰ በደህናው ዘመን የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ባህር ልንሄድ ነው ስንላቸው ፊታቸው በራ። ውሾቹም እንደሚሄዱ ሲሰሙ ግን ጠቆረ።

«እኔ ከውሻ ጋር አንድ ክፍል ልተኛ? ቤተክርስቲያንስ ምን ብዬ ነው የምገባው?»

መሄዱን ሄዱ። ግን መንገዱን ሙሉ ለውሾቹ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር «ማርሽ ቀንስ! በፍሬን አትተማመን!» እያሉ ልጃቸውን ሲያሳቅቁት ነበር። ውሾቹን አንድም ቀን በስማቸው ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው የማይበዛበት ባህር ዳር አገኘንና ፓርክ አደረግን። ሶልያና ውሾቹን ፈታቻቸው። ሆሆይ! ማይሎ ወፎቹን ሲያባርር፣ ሉና ማይሎን ስታባርር፣ እኔ ደግሞ ሁለቱን ሳባርር... እንደዚያ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

ከዚያ ጉም መጣ። ቀስ ብሎ አይደለም፤ ድፍት ነው ያለብን። ሉና እያለከለከች ተመለሰች። ማይሎ የለም።

«ማይሎ! ካም ሂር፣ ቦይ!» ሶልያና ትጮኻለች፣ ባለቤቴ ያፏጫል፣ እኔ ወዲያና ወዲህ እሮጣለሁ። በዚያ ስታልፍ የነበረች አንዲት አሜሪካዊትም ቆማ አብራን ትጣራ ጀመር። ቀጥላ ግን በጉሙ ውስጥ የሚታዩትን ትልልቅ ድንጋዮች አሳየችን።

«ውሃው እየሞላ ነው» አለች። «ከእነዚያ ኋላ ከሆነ ቶሎ መውጣት አለበት። ትንሽ ከቆየ መመለሻው ይዘጋል።»

ሶልያና ይሄን ስትሰማ አሸዋው ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። «ማሚ፣ ሂ ኢዝ ስኬርድ! ፕሊስ!» ያለ ማይሎ ይቺን ልጅ ምን ብዬ ነው ቤት ይዣት የምገባው?

በዚህ መሀል አማቼ ከቫኑ ወረዱ። ማንንም ሳያናግሩ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቀለሉና ወደ ድንጋዮቹ ሄዱ። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ በዚያ በሹፌር ድምፃቸው...

«ሂድ ወዲያ! አንተ ውሻ! ጥፋ ከዚህ!»

ክው አልኩ። «አባባ! የጠፋ ውሻ እንዴት ጥፋ ይባላል?»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉኝና ባሰባቸው። «ጥፋ ከፊቴ! ሆዳም!»

ከድንጋዮቹ ኋላ ጩኸት ተሰማ። አንዴ... ደግሞ አንዴ። ከዚያ ማይሎ! ውሃ እያንጠባጠበ ከጉሙ ውስጥ ተወርውሮ ወጣ። ሶልያናን አለፈ፣ እኔን አለፈ፣ ባለቤቴን አለፈና አማቼ እግር ሥር ቁጭ አለ። ጅራቱን እየቆላ እጃቸውን ያሸታል። የለመደው ነገር እንዳለ ያስታውቃል!

ሁላችንም አማቼን አየናቸው። እሳቸው ባህሩን አዩ።

«እናንተ ጠዋት የወጣችሁ ማታ ነው የምትመጡት» አሉ በመጨረሻ። «ከእኔ ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸው። ጓሮ ወጥቼ ሥጋ ስቆርስላቸው ጎረቤት ያለው ሐበሻ እንዳይታዘበኝ 'ሂድ፣ ጥፋ' እላለሁ። የማባርራቸው እንዲመስል ብዬ ነው... ይኸው ነው።»

ባለቤቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። በሁዳዴ ለሶልያና ቀቅዬ የማስቀምጠው ሥጋ ከፍሪጅ እየጎደለ ሲያስቸግረኝ «ተደብቀህ ጾም እየፈታህ ነው» ብዬ ያኮረፍኩት እሱን ነዋ! ምስኪን፣ ምሎ ተገዝቶም አላመንኩትም።

«እሺ?» አለኝ እጁን አጣምሮ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ሶልያና አያቷንና ውሻውን አንድ ላይ አቅፋ እያለቀሰች ትስቃለች። እኔም መሀል ላይ እንባዬ መጣ። እኛ ሁላችንም ሥራና ትምህርት ቤት ስንሮጥ እሳቸው በዚያ ጭር ባለ ቤት ከማን ጋር ሲያወሩ እንደሚውሉ አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ደግነቱ የሚያወሩት አላጡም። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ!

የቀረውን መንገድ ማይሎ ጭናቸው ላይ ተጋድሞ ነው የጨረሰው። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንስ የሚልም ጠፋ፤ ውሻው እንዳይነቃ።

አውሮራ ልንገባ ስንል ጠጋ አሉኝና «ይሄን ነገር ለሰው እንዳትነግሪ» አሉኝ። እኔም «አልናገርም አባባ» ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

እና አደራ... እኛ ሰፈር፣ ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ሁለት ውሾች እየሰደቡ ዎክ የሚያደርጉ ሽማግሌ ብታዩ እንዳትስቁባቸው። ሰውየው ውሻ አይወዱም።