ያልተነሳችው ትንሿ ሞተር

በእውቀቱ ላሊበላ አጠገብ ያለችው የብልባላ ልጅ ነው። ወላጆቹ በልጅነቱ ስለሞቱ አሳድጋ አስተምራ የአውሮፕላን መካኒክ ያደረገችው ታላቅ እህቱ አሰለች ናት። የሚሠራው አሮጌ አውሮፕላኖችን በሚያከራይ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው።

አምና በገና ማግስት ተሳላሚዎችን ሊመልሱ ላሊበላ ሲያርፉ፣ አሰለች በልብ ሕመም ተዳክማ ከባሏ ከገብረ ሊባኖስ ጋር በቃሬዛ ትጠብቀው ነበር። በእውቀቱ አዲስ አበባ ሆስፒታል አልጋ ይዞላታል።

ትልልቆቹ ሞተሮች አንዴ ከጠፉ መልሶ የሚያስነሳቸው፣ በአውሮፕላኑ ጅራት ውስጥ ያለችው ኤፒዩ የሚሏት ትንሽ ሞተር የምትሰጠው አየር ነው። እዚያ ሌላ ማስነሻ አልነበረም። ካፒቴኑ ይህን ስለሚያውቅ ጠየቀው።

«ታምናታለህ? ወይስ አንዱን ሞተር ሳላጠፋ እንጫን?»

«ቃሬዛ በሚሠራ ሞተር አጠገብ አናሳልፍም፤ ያጥፉት። ትንሿ ለመነሳት ትዘገይ ነበር፤ እሳት የሚለኩስላትን ካንዴላ ባለፈው ሳምንት ቀይሬያለሁ» አለ።

አሰለችን አሳፍረው ሲያበቁ ትንሿ ሞተር አልነሳ አለች። ባትሪውን ለካ፤ ደህና ነው። የአየር ማስገቢያዋ ይከፈታል። በባትሪ የሚሠራው ማስነሻዋ፣ ሞተሪኖው፣ ያዞራታል፣ ግን እያቃሰተ፤ ነዳጅ የሚለቀቅበት ፍጥነት ላይ አትደርስም። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፣ ሞተሪኖው እስኪበርድ ጠበቁ፣ ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ አውርዶ ሲፈታው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉለት ካርቦኖቹ አልቀው የጥፍር ያህል ቀርተዋል። ያን ጊዜ ገባው። ባለፈው ሳምንትም እየዘገየች ትነሳ የነበረው በካንዴላው አልነበረም። ካንዴላው ሲቀየር ስለተነሳችለት ብቻ፣ ሌላውን ሳያይ ደህና ናት ብሎ ፈርሟል።

የዕለቱ መደበኛ በረራ ሄዷል። መለዋወጫው የሚደርሰው በማግስቱ ከሰዓት ነው።

«እስከ ነገ ትችያለሽ፣ እታለም?»

«አልችልም መሰለኝ። በመኪና ይውሰዱኝ» አለችው። «አንተ ሥራህን ሥራ።»

ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሲወስዷት ጋሸና ሳይደርሱ ዐረፈች።

በማግስቱ ብልባላ ላይ ስትቀበር በእውቀቱ አልሄደም። መለዋወጫውን እጠብቃለሁ አለ እንጂ፣ እውነቱ የገብረ ሊባኖስን ፊት ማየት ፈርቶ ነው። አዲሱ ሞተሪኖ ሲገጠምላት ትንሿ ሞተር በአንድ ሙከራ ተነሳች። ተሳላሚዎቹ አጨበጨቡ። እሱ ጅራቱ ሥር እንደተቀመጠ መነሳት አቅቶት ካፒቴኑ ደግፎ አሳፈረው።

ገብረ ሊባኖስ እስከ ዛሬ በአንድም ቃል አልወቀሰውም። ይደውልለታል።

«ምነው ጠፋህ? ልጆቹ ይጠይቁሃል» ይለዋል።

«እመጣለሁ» ይላል በእውቀቱ። የላሊበላ በረራ ሲደርሰው ግን ከሥራ ባልደረባው ጋር ይቀያየራል። ብልባላን ከዚያ ወዲህ አልረገጠም።