የተደጋገሙት ስሞች

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሰቆጣ መናኸሪያ

ወደ ደሃና የምሄደው የመጀመሪያ ሥራዬን ላስረክብ ነው። ሰቆጣ ውስጥ የጽሕፈትና የኮምፒውተር አገልግሎት ልጀምር አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ታፔላው ገና ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ያመኑኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ በእናቴ አገር ደብር የሚያገለግሉት ቄስ አድማሱ። የደብሩን የሙታን መዝገብ አይጥ መብላት ስለጀመረው በኮምፒውተር ተጽፎ እንዲጠረዝ ሰጡኝ። «ይህ ካማረ ለጎረቤት አድባራትም እናገራለሁ» አሉ። ሌላ ደንበኛ የለኝም። ይህ ጥራዝ ካላማረ ታፔላው እዚያው ግድግዳው ሥር ይቀራል።

አይሱዙው ላይ፣ በጤፍ ጆንያዎች መካከል ተቀመጥኩ። እስከ አምደወርቅ ሦስት መቶ ብር፤ ለአቧራው አያስከፍሉም። ፍየል ሊገዛ የሚሄድ ነጋዴ በፌስታል የጠቀለልኩትን ጥራዝ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«መብራት በሌለበት አገር ኮምፒውተር?» አለኝ።

«በመጣ ቀን እሠራለሁ።»

«እንግዲያ ዕድሜ ይስጥህ።»

ስቄ ዝም ብል ምን ነበረበት። ጉራ ጀመርኩ። በእጅ የተጻፈው ደብተር ዘጠና ገጽ እንደነበር፣ እኔ ስሞቹን በሀ ሁ ተራ አሰልፌ፣ ተደጋጋሚውን ኮምፒውተሩ እንዲያወጣው አዝዤ ሃያ ገጽ እንዳደረግኩት አስረዳሁት። «ጎበዝ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ከሰዓት በኋላ

ከአምደወርቅ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ዝናቡ ቀድሞ ቆሞ ገብሱ ቁመት አላወጣም። አንድ ምንጭ አጠገብ በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁ። አልፎ አልፎ በሩ በድንጋይ የተዘጋ ቤት አያለሁ። ያለፉት ዓመታት መዝገቡን አስረዝመውታል፤ ስጽፍ ግን ይህ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

በዚህ ደብር በዓመት አንድ ቀን የሙታኑ ስም በሙሉ ይጠራል። በዓለም ስማቸው አይደለም፣ በክርስትና ስማቸው ብቻ። ሰዉ በደብሩ ግቢ ውስጥ በየቤተሰቡ ተቀምጦ የራሱን ሰው ስም ይጠብቃል፤ ሲጠራ ጎንበስ ብሎ ያማትባል። ቄስ አድማሱ ጥራዜን ስመው ከፈቱት። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ልቤን ሞቅ ብሎታል።

ማንበብ እንደጀመሩ ድምፃቸው መደናቀፍ ያዘ። አንድ ወለተ ማርያም። አንድ ገብረ ማርያም። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ማን ጎንበስ ይበል? ስሞቹ አልቀው ጥራዙ ሲዘጋ፣ ከዋርካው ሥር የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ተነሡ። በአገሬው ቋንቋ በኽምጥኛ ጀምረው ወደ እኔ ሲዞሩ በአማርኛ ቀጠሉ።

«ልጄ፣ ባሌም ልጄም ወልደ ሚካኤል ናቸው። አንድ ጊዜ ነው የተጠራው። ማንኛቸው ነው የቀረው?»

«እማማ፣ ስሙ ስለተደጋገመ ነው...» አልኳቸው።

ቄስ አድማሱ አልተቆጡም። «ስሙ ነው እንጂ የተደጋገመው፣ ሰዎቹማ ሁለት ናቸው» አሉ ቀስ ብለው።

በአሮጌው ደብተር በየቤቱ መካከል ቀይ መስመር ነበር። ጌጥ መስሎኝ ትቼዋለሁ። ደብተሩም ሰቆጣ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ቄሱ ከትዝታቸው እየፈለጉ በየቤቱ ይጠሩ ጀመር፤ ለአሮጊቷ ሁለቱንም ጠሩላቸው። አራት አምስት ቤት እንደሄዱ ግን ጠፋባቸው። ቆመው ግንባራቸውን ያሻሉ። ስም ያልተጠራለት ሰው ጥቂት ጠበቃቸው፣ ከዚያም ነጠላውን እያጣፋ ወጣ።

ምሳ አበሉኝ። አሮጊቷም ጠላ አስቀዱልኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

«አባ፣ እንደገና ልሥራው፤ በነጻ» አልኩ።

«ይቆየን ልጄ። ደብተሩን ብቻ መልስልን።»

ስለ ጎረቤት አድባራት እሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ሰኞ፣ ሰቆጣ

ቤቴ እንደገባሁ ደብተሩን አወጣሁ። አይጥ የጎረሰው ጠርዝ እጄ ላይ ይረግፋል። የእናቴን ቤት ፈለግኩ፤ በሁለት ቀይ መስመሮች መካከል፣ ከአያቴ ቀጥሎ፣ ወለተ ማርያም ይላል። እናቴ ናት፤ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። በገዛ ጣቴ ጽፌያት በገዛ ጣቴ ነው ያጠፋኋት፤ ያን ጊዜ ልብ እንኳ አላልኩም። ሌሎቹን ወለተ ማርያሞች መቁጠር ጀመርኩና ሠላሳ ላይ ስደርስ ተውኩት። ጥራዜ ላይ የቀረችው አንዷ የማን እናት እንደሆነች አላውቅም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፦ ሥራውን ያወቅኩት መስሎኝ ነበር፤ ያወቅኩት ማሽኑን ብቻ ነው።

ደብተሩ ረቡዕ በሚሄደው መኪና ይመለሳል። መብራት የለም። ማንም ሥራ ብሎኝም አይደለም። ባዶ ደብተር ገዝቼ፣ ቀይ እስክርቢቶም ጨምሬ፣ ከመጀመሪያው ቤት ጀመርኩ። አሮጊቷ ቤት ስደርስ ወልደ ሚካኤል ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም እንደገና ወልደ ሚካኤል።