የአባቴ ለከፋ በአይከን

አባቴ ጉሮሮው ላይ ኦፕራሲዮን ከተደረገለት በኋላ ድምፁ እንደማይመለስ ተነገረን። በሕይወት መውጣቱ ብቻ በቅቶን ስለነበር ያን ቀን ቤታችን ውስጥ ያዘነ ሰው አልነበረም። ኀዘኑ የመጣው ቀስ እያለ፣ ከጠያቂው ጋር ነው።

ጉለሌ ውስጥ የታመመ ሰው ጠያቂ አያጣም። ሙዝና ብርቱካን አንጠልጥሎ ያልመጣ ጎረቤት የለም። ታዲያ መናገር ያቃተው አባቴ ሆኖ ሳለ ሁሉም እንደማይሰማ ሰው ያዩት ጀመር። ግማሹ ጆሮው ሥር ይጮኻል፣ ግማሹ በእጁ ምልክት ያሳያል። አንዷ አክስቴ ሻይ ትፈልጋለህ ወይ ለማለት ባዶ እጇን ወደ አፏ ወስዳ ፉት ስትል አይቻታለሁ። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ሠፈሩ የሚያውቀው ግን በምላሱ ነው። ያ ሰው ቁጭ ብሎ የአክስቴን ትያትር አየ።

ከሁሉ የባሰው የጎረቤታችን የጋሼ ደግነት ነበር። ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የሚሸጡ ሰው ናቸው፤ እሑድ እሑድ በረንዳችን ላይ ከአባቴ ጋር በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ነው ያደግኩት። የዳማ ነገር ደግሞ ይታወቃል፣ ለከፋ የሌለበት ዳማ ቆርኪ መግፋት ነው። አንዱ ሌላውን ሲያበሽቅ፣ ያኛው ሲመልስ፣ ሠፈሩ ሲስቅ ነው ጨዋታ የሚባለው። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ግን ጋሼ ዝም ብለው መጫወት ጀመሩ። መልስ መስጠት የማይችልን ሰው መልከፍ ነውር መሰላቸው። ይባስ ብለው ይሸነፉለት ጀመር። አባቴ የሚበላውን ቆርኪ ይበላና ቀና ብሎ እኔን ያየኛል። ማወቁን አውቅ ነበር። አንድ እሑድ ራሴን አሞኛል ብሎ ጽፎ ሰጠኝና ሳይወጣ ዋለ። በቀጣዩ እሑድም እንደዚያው። ያኔ ፈራሁ። አባቴን በሽታው ትቶት ይሉኝታ ሊገድልብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ለከፋ ደግሞ በወረቀት አይሆንም። ጽፎ፣ ጋሼ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያነቡት ድረስ ይቀዘቅዛል። ስልኬ ላይ አማርኛ የሚያነብ ፕሮግራም ጫንኩለት። ባንክ ቤት ተራ የምትጠራ ሴት ዓይነት፣ ጨዋ ድምፅ ነው ያለው። አባቴ አዳመጠና ስልኩን ደፍቶ አስቀመጠው። «በዚች ሴትዮ አፍ ሰው ልለክፍ?» ብሎ ጻፈልኝ።

ከዚያ ነው አሮጌው ኮምፒውተር ትዝ ያለኝ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ከአገር ሊወጡ ዕቃ ከሚሸጡ ፈረንጆች ቤት ያመጣው ነው። ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የተሠራ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ፣ በፍሎፒ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ እስከ ዛሬ የቆየውም አባቴ እየበየደ ነፍስ ስለሚዘራበት ነው። ይህ ኮምፒውተር የጻፉለትን ጮክ ብሎ ያነባል። ድምፁ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር ወንድ ድምፅ ነው። አባቴ ሲሰማው ፈገግ አለ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ኮምፒውተሩ እንዲያደርግ የሚፈለገው ነገር በተራ ይጻፍና ስክሪፕት ይሆናል። ከዚያ ለስክሪፕቱ አንድ ትንሽ ሥዕል፣ አይከን ይሣልለታል። ሥዕሉ ላይ በማውስ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ሲደረግበት የተጻፈው ይፈጸማል። ለእያንዳንዱ ለከፋ አንድ አይከን ማለት ነው። ጣጣው ማሽኑ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ነበር። አማርኛውን በላቲን ፊደል ብጽፍለትም ቀ፣ ጠ እና ጨ ላይ ምላሱ አልዞር አለ። አባቴ የሚወዳት «ቆርኪህን ጠቅልለህ ግባ» በማሽኑ አፍ ስትወጣ መንገድ የጠፋበት ፈረንጅ ትመስል ነበር። ስለዚህ ቀ እና ጠ የሌለበት ለከፋ ስንመርጥ ዋልን። «ሚስትህን ላካት» ነጠላ ተሣለለት፣ «ነገ ና» ፀሐይ ተሣለለት፣ «እየሸሸህ ነው» ደግሞ ጫማ ተሣለለት። እናቴ ሁለታችሁም ጤና የላችሁም አለች።

ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ አይከኖቹ ለአባቴ አልከፈት አሉ። እኔ ስነካቸው ይሠራሉ፣ እሱ ሲነካቸው ዝም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። አንድ ጊዜ ይጫናል፣ እጁን ከማውሱ ያነሣል፣ በከንፈሩ በስመ አብ ብሎ ያማትባል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ይጫናል። ዕድሜውን በሙሉ የመኪና ሞተር ያስነሣው እንደዚያ ነው። አማትበህ ጀምር ስለው፣ ያልተጀመረ ነገር ላይ ምን ብዬ አማትባለሁ አለኝ፣ በጽሑፍ። ኮምፒውተሩ በሁለቱ ጠቅታ መሐል የሚታገሥበትን ጊዜ እስከ መጨረሻው አረዘምኩት። አልበቃም። አባቴም ማማተቡን ትንሽ አፈጠነ፣ እንደዚህ ተግባቡ።

ለሙከራ የመረጥነው እሑድ ላይ ጋሼን አስጠራኋቸው። ቴሌቪዥኑ በርቶ፣ ሰሌዳው ተዘርግቶ፣ አባቴ ማውሱን ይዞ ተቀምጧል። በሩ ሲንኳኳ የገቡት ግን ሁለት ናቸው። ጋሼ መንገድ ላይ የንስሐ አባታችንን አግኝተዋቸው፣ እሳቸውም እግረ መንገዴን ጸሎት ላድርስለት ብለው መጡ። ሁላችንም ተነሣን። አባቴ ቴሌቪዥኑን አየና ደነገጠ። የጫማዋን ሥዕል አባ እንዳያዩዋት ከመሐል ወደ ዳር ሊጎትታት አንድ ጊዜ ተጫናት፤ በዚያው ቅጽበት አባ መስቀላቸውን አንሥተው «በስመ አብ» አሉ። አባቴ እጁን አንሥቶ ቶሎ አማተበና ተመልሶ ተጫነ። እንዲታገሥ ያስተማርነው ኮምፒውተር ታግሦ ጠብቆታል።

«እየሸሸህ ነው» አለ በርሜሉ፣ አባ ላይ።

እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ጋሼ ግን ከቄሱ ኋላ ቆመው ቴሌቪዥኑን አፈጠጡበት። ያቺ ለከፋ የማን እንደሆነች ያውቃሉ፤ ስንት እሑድ ተብለዋታል። ቄሱንም፣ ጸሎቱንም፣ በሽታውንም ረሱት።

«ማን ነው የሸሸው?» አሉ። «ድምፅህን ይዘህ የጠፋኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ካፋቸው ካመለጠ በኋላ ምን እንዳሉ ገባቸውና አመድ መሰሉ። የአባቴ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰ ብዬ ሮጥኩ። ሲስቅ ነው። ድምፅ የለውም እንጂ እንባው እስኪወርድ፣ ወንበሩን ይዞ ነው የሚስቀው። አባ ተራ በተራ አዩን።

«ጸሎቱን ልጨርስ ወይስ እኔም ልሽሽ?» አሉ።

ጨረሱት፤ ከወትሮው አጠር ብሎ ነው የመሰለኝ። አባቴ በከንፈሩ አሜን ብሎ መስቀሉን እንደ ተሳለመ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ለጋሼ የሚሆን መልስ ነጠላውም፣ ፀሐይዋም ላይ አጣ። እጄን ይዞ ኪቦርዱ ፊት አስቀመጠኝና ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀመረ። እኔ እስክጽፍለት ጋሼ ቆርኪውን እየደረደሩ ተራህ ነው፣ ምን ታንቀላፋለህ፣ ልጅህን ነው የምታስጫውተው እያሉ ይለክፉት ነበር።

ያን እሑድ ጋሼ አልራሩለትም፤ አባቴ በዳማ ተሸነፈ። ደግሞ ተሸነፈ። ማታ እናቴ ራት ስታቀርብለት ሰሌዳውን ከጉልበቱ ላይ አላነሣ አለ።