ከሞላሌ ማዶ የቀላው ውሃ

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት አክስቴን እትዬ አሰለፈችን ነጻ ላወጣ ነው። የበግ ነጋዴ የሆነ የአገሬ ሰው ያደረሰኝ መልእክት አጭር ነበር። "ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ያለው ኩሬ ደም ሆኗል። አክስትህ ጥዱን ስለቆረጠች ነው ይላሉ፤ እሷም አምናለች። ቤተ ክርስቲያን መሳም ትታለች።" እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ደም እንዳልሆነ ገና ሳላየው ማልኩ።

ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን። ሾፌሩ ካሴቱን ዘግቶ ክላክስ እያሰማ ቀስ ብሎ ነዳ። መዘዞ ላይ ትኩስ የገብስ ዳቦ በሻይ በልተን፣ ከሰዓት በኋላ ሞላሌ ገባን። ከዚያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ አለ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ፀሐዩ ደግሞ ቆዳ ይልጣል።

እትዬ ከስታለች። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ "ለአራሷ ልጄ ማገዶ ብዬ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጥድ መሆኑን እያወቅሁ አንዱን ትልቅ ቅርንጫፍ ጣልኩት" አለችኝ።

"ጥዱና ውሃው በምንም አይገናኙም፣ እትዬ" አልኳት በሙሉ አፌ።

በማግሥቱ

ከእትዬና ከንስሐ አባቷ ከመምሬ ደጀኔ ጋር ወደ ኩሬው ሄድን። ቋጥኝ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ በእርግጥም ቀልቷል። ዳሩ ላይ ያለው ጥድ በቀሩት ቅርንጫፎቹ ባጠላበት ጥግ ግን አረንጓዴ ነበር። ቀዩ የሚጀምረው ጥላው ካለቀበት ነው። ትናንት በሙሉ አፌ የተናገርኩት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

"መምሬ፣ ይህ አልጌ የሚባል፣ በዓይን የማይለይ ደቂቅ ነገር ነው" አልኩ። "ጥላ ሲያገኝ አረንጓዴ ሆኖ ይራባል። ፀሐይ ሲበረታበትና ውሃው ሲጎድል መራባቱን ትቶ፣ ቀይ ለብሶ ይተኛል፤ ቀለሙ ከፀሐዩ ይከልለዋል። በረዶ በማይለቃቸው አገሮች ዘመዶቹ በረዶውን እንዲሁ ያቀሉታል።"

"ይሞታል?" አሉ መምሬ።

"አይሞትም። አዲስ ውሃና ጥላ ሲያገኝ ይነቃል።"

"እንግዲያ ያቀላሁት እኔው ነኝ" አለች እትዬ።

መዋሸት እችል ነበር። "አዎ፣ እትዬ" አልኩ።

መምሬ ወደ እሷ ዞሩ። "እንግዲያስ ቀኖናሽ ይኸው። የወሰድሽውን ጥላ መልሺ፤ ጓሳ ሣር አጭደሽ እንደ ዳስ ክደኚው።"

እትዬ ተንበርክካ መስቀላቸውን ተሳለመች። ከዚያ ማጭድ ልታመጣ ስትሄድ እርምጃዋ የልጃገረድ ነበር። ሁለት ቀን ጓሳ አጨድን። በሁለተኛው ቀን፣ ቤቷን መርገጥ ትታ የነበረች ጎረቤቷ ሳትጠራ ለዳሱ ምሰሶ የሚሆን እንጨት ይዛ መጣች። እሑድ ጠዋት እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ቆመች።

ደብረ ብርሃን

ከኩሬው በማርማላታ ብልቃጥ ቀይ ውሃ ይዤ ተመለስኩ። የዝናብ ውሃ ጨምሬበት ፀሐይ በማይመታው መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። መንገዱን ሁሉ የተዘጋጀሁት "አላጠፋሽም" ልላት ነበር። እሷን ያዳናት ጥፋቷ የሚካስ መሆኑ ነው፤ ይህን ከመምሬ ተማርኩ።

በዘጠነኛው ቀን ብልቃጡ አረንጓዴ ሆነ። አጥብቄ ከድኜ ለበግ ነጋዴው ሰጠሁት።

"ለእትዬ አድርስልኝ" አልኩት። "ያው ቀዩ ውሃ ነው በላት፤ ሌላ እንዳይመስላት።"