አስራ ሁለት ከሰማንያ አራት

በዚህ ከተማ «አትሌት ነኝ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚታየው እግሩ ነው። ፊቱን የሚያይ የለም፤ ባቱ ይመረመራል፣ ቅጥነቱ ይገመገማል፣ ከዚያ «በስንት ሺህ ሜትር?» ተብሎ ይጠየቃል። ገዲሴ ኮርሳ በስንት ሺህም የለችበትም። አንድ ጠዋት ታክሲ ሊያመልጣት ሲል ስትሮጥ ያዩዋት የላፍቶ ጎረቤቶቿ እስከ ዛሬ እያነሱ ይስቃሉ። እሷ አሎሎ ወርዋሪ ነበረች። ይህን ስትናገር ሰው ሁሉ «እ?» ይላል፤ ስትደግመው «እሱማ የወንድ አይደል?» ይላል። ስለዚህ መናገሩን ከተወች ቆይታለች።

ሯጭ የታደለ ፍጥረት ነው። ጎህ ሲቀድ አስር ሆኖ ይወጣል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይስበዋል፤ ሲጨርሱ ላባቸውን እየጠረጉ አብረው ሻይ ይጠጣሉ። ወርዋሪ ግን ሜዳው ጥግ ላይ ብቻውን ነው። ይወረውራል፤ ከዚያ የወረወረውን ራሱ ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ አንስቶ፣ ተመልሶ እንደገና ይወረውራል። ገዲሴ ተማሪ ሳለች በቀን ሃምሳ ጊዜ ትወረውር ነበር። ሃምሳ ጊዜ ሄዳ ሃምሳ ጊዜ አንስታለች። ያን ጊዜ የአባቷ የጤፍ ማሳ ገና ማሳ ነበር። አሁን ሦስት የኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች ቆመውበታል፤ የማሳው ትራፊ ከሕንጻዎቹ ጀርባ፣ ከቦዩ አጠገብ ያለች አንዲት ቁራሽ መሬት ብቻ ናት።

በ2007 ዓ.ም. ግንቦት፣ በክፍለ ከተማው የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ ከአስራ ስምንት ዓመት በታች ሴቶች፣ ባለ ሦስት ኪሎዋን አሎሎ አስራ ሁለት ሜትር ከሰማንያ አራት ወረወረች። ያ ሲሆን የተመለከታት አንድ ሰው ነው። በዚያችው ደቂቃ የአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ፍጻሜ እየተሮጠ ስለነበር ተመልካቹ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቷት እየጮኸ ነበር። ሜትሩን የያዙት ዳኛው ጋሽ አባይነህ፣ ያኔ የስፖርት መምህር የነበሩት፣ ጎንበስ ብለው አነበቡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አነበቡ። «አስራ ሁለት ከሰማንያ አራት!» ብለው ጮኹ። የዞረ ሰው የለም። የቀድሞው ክብረ ወሰን አስራ አንድ ሜትር እንኳ በቅጡ አልሞላም ነበር። ጋሽ አባይነህ የእሷን ስም በመዝገባቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፉት።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ወርዋሪ የሚፈልግ ክለብ አልተገኘም። ማሳው ሄደ፣ አባቷ ሞተ፣ ወንድሞቿ ወደየፊናቸው ተበተኑ፣ ሁለት ዓመት ቆይታ እናቷም ተከተለች። ገዲሴ ላፍቶ ውስጥ ወፍጮ ቤት ገባች። ግማሽ ኩንታል ጆንያ እንደ ትራስ የምታነሳ ሴት ለወፍጮ ቤት ጌጥ ናት፤ ባለ ወፍጮው ሁለት ወንዶች ከመቅጠር ተገላገለ። እዚያው ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ትኖራለች። ሞተሩ ሲነሳ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገረው በእጁ ነው፤ ደንበኛ በጣቱ «ላም አድርጊው» ይላል፣ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። ማታ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ የሚያናግራት የለም። ቅንድቧ ላይ ዱቄት ይዛ የተኛችባቸው ቀኖች ጥቂት አይደሉም፤ ማን ሊያያት ትጠበው? አሎሎዋን የወፍጮ ቤቱን በር ነፋስ እንዳይዘጋው መደገፊያ አድርጋዋለች።

ግን በየዓመቱ ግንቦት ላይ ግማሽ ቀን ታስፈቅዳለች። በሀይሌ ጋርመንት በኩል ታክሲ ይዛ ወደ ውድድሩ ትሄዳለች፣ ሜዳው ጥግ ትቆማለች፣ ትጠብቃለች። ጋሽ አባይነህ ጡረታ ከወጡም በኋላ ዳኝነቱን አልተዉም፤ ሲያበቃ መዝገቡን ብብታቸው ሥር አድርገው ይመጡና «ዘንድሮም ያንቺ ነው!» ይሏታል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ደስ ይላት ነበር። በስድስተኛው ዓመት አሸናፊዋ የወረወረችው ስምንት ሜትር ነው፤ ያውም ጫማዋ ወልቆ። ለብቻው የሮጠ የሚቀድመው የለም እንዲሉ፣ የገዲሴ ክብረ ወሰን የቆየው ማንም ሊደርስበት ስላልሞከረ ነው። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ አለቀሰች፤ ረዳቱ «እህቴ፣ መልስ አልሰጠሁሽም እንዴ?» አላት።

የባሰው የመጣው መታወቂያ ልታወጣ በሄደች ጊዜ ነው። ዲጂታሉን መታወቂያ ማለቴ ነው። መዝጋቢው ልጅ የልደት ቀኗን ጠየቃት። እናቷ የነገረቻትን ሰጠችው፤ «የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ዘጠና ዓመተ ምህረት።» ልጁ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና «በፈረንጅ ዘጠና ሰባት» አለ።

«ዘጠና ስምንት ነው» አለች ገዲሴ። «ስምንት ነው የሚደመረው።»

«ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ ለተወለደ ሰባት ነው እህቴ። ስምንት የሚሆነው የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ነው።»

ገዲሴ የ2007ቱ ውድድር ትዝ አላት። ያን ዓመት ውድድሩ ከአስራ ስምንት በታች ብሎ የተቀበለው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1998 እና ከዚያ በኋላ የተወለዱትን ብቻ ነበር። የትምህርት ቤቷ ጸሐፊ ደግሞ ስልሳ ተማሪ አሰልፋ ወር ሳትጠይቅ ለሁሉም ስምንት ስትደምር ነው የዋለችው፤ «ዘጠና? ዘጠና ስምንት። ቀጣይ!» በአርባ ቀን ልዩነት ገዲሴ ዕድሜዋ ያለፈ ተወዳዳሪ ነበረች ማለት ነው። በሕይወቷ በስሟ የተጻፈ አንድ ነገር ቢኖር ያ ክብረ ወሰን ነው፤ እሱም አይገባትም ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ በቀጣዩ ግንቦት ጋሽ አባይነህ «ዘንድሮም ያንቺ ነው!» ሲሏት ፈገግ ብላ አመሰገነቻቸው።

ሴና የመጣችው በ2018 ጥቅምት ላይ ነው። የለቡው ወፍጮ ተበላሽቶ እናቷ በርበሬ ልታስፈጭ ላፍቶ ድረስ ላከቻት። ረጅም ልጅ ናት፤ ትከሻዋ የሰፋ፣ አንገቷን ግን ቁመቷን ልትደብቅ የፈለገች ይመስል የምትቀብር። ነፋሱ በርበሬውን ሲያቦንነው ጊዜ በሩን ልትዘጋ ፈለገች፤ አሎሎውን በአንድ እጇ ብድግ አደረገችው፣ ወደ ሌላኛው እጇ ወርወር አድርጋ ቀለበችውና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ሎሚ ያነሳች እንጂ ብረት ያነሳች አትመስልም ነበር። ገዲሴ ሞተሩን አጠፋች። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩዋት።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ሴና ደንግጣ።

«መቼ ነው የተወለድሽው?»

«እ?»

«ወሩን ንገሪኝ።»

«የካቲት። ሁለት ሺህ አንድ።»

ገዲሴ በጣቷ ቆጠረች። ለየካቲት የሚደመረው ስምንት ነው፤ በፈረንጅ ሁለት ሺህ ዘጠኝ። ትችላለች፤ ለዘንድሮው ውድድር ዕድሜዋ አላለፈም። «ወር ምን ያደርጋል?» አለች ልጅቱ። «ብዙ ያደርጋል» አለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴና ከትምህርት ቤት ስትወጣ፣ ገዲሴም ሞተሩን ስታጠፋ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ይገናኙ ነበር። ገዲሴ የምታውቀውን ሁሉ ሰጠቻት፤ አሎሎው አንገት ሥር እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ጉልበት ከእግር ተነስቶ ወደ ክንድ እንዴት እንደሚወጣ። ሴና «ኮች» ትላታለች። ገዲሴን ከሁሉ የጣማት ግን ሌላ ነበር። አንዷ ከዚህ ጫፍ ትወረውራለች፣ ሌላዋ ከዚያ ጫፍ አንስታ መልሳ ትወረውርላታለች። ገዲሴ በሃያ ስምንት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የወረወረችውን የሚመልስላት ሰው አገኘች። ማታ ማታ ፊቷን መታጠብ ጀመረች። ገበያ ስትሄድ ለሴና የሚሆን ሙዝ ትገዛለች። ሰው አለኝ ማለት ይህ ከሆነ፣ ሰው ነበራት።

ሚያዝያ ላይ ወሬ መጣ። አንድ ማሰልጠኛ ማዕከል ለውርወራ ልጆች ሊወስድ ነው፤ አዳሪ ሆነው ይማራሉ፣ ይሰለጥናሉ። ቦታው ጥቂት ስለሆነ ግን ከየክፍለ ከተማው የሚወሰደው በዕድሜው እርከን ክብረ ወሰን የሰበረ ብቻ ነው። ሴና ይህን ስትሰማ የገዲሴን ትከሻ ይዛ ዘለለች። «ኮች፣ ያንቺን ከሰበርኩ እሄዳለሁ!» አለች። ገዲሴም «ትሰብሪዋለሽ» አለቻት፤ ቤቷ ገብታ ግን እራት አልበላላትም።

የውድድሩ ቀን ሜዳው እንደ ልማዱ ጀርባውን ለወርዋሪዎች ሰጥቶ ሯጮችን ይመለከታል። ሴና በአምስተኛው ሙከራ አስራ ሁለት ከስልሳ አንድ ደረሰች። የቀራት ስድስተኛውና የመጨረሻው ነበር። ክቡ ውስጥ ከኋላ ጠርዙ ቆመች፣ ተንደረደረች፣ ለቀቀችው። ጋሽ አባይነህ ጎንበስ ብለው አነበቡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አነበቡ።

«አስራ ሁለት ከሰባ ዘጠኝ!»

ከዚያ ወደ ገዲሴ ዞሩ። ክፋት የሌለበት፣ የሽማግሌ ደስታ ፊታቸው ላይ በራ። «ዘንድሮም ያንቺ ነው!» አሏት።

ሴና መሬት ላይ ቁጭ አለች። «አምስት ሴንቲ» አለች፤ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አጠጋግታ። «ኮች፣ ይቺን ታህል!» ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ገዲሴ ቆማ አየቻት። ዝም ብትል ሁሉም በቦታው እንደሚቀር ገባት። ስሟ መዝገቡ ላይ ይቀራል። ሴናም እዚሁ ትቀራለች፤ ነገ ከሰዓት ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያም ትመጣለች፣ አሎሎው ከዚያ ጫፍ እየተመለሰ ይመጣል። መናገር የለባትም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ዝም ማለትን ደግሞ ወፍጮ ቤት አስተምሯታል። ይህን አሰበች፤ አስባው ብቻም አልቀረች፣ በጣም ፈለገችው። ከዚያ የልጅቱን ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አይታ በራሷ አፈረች።

ጋሽ አባይነህን ወደ ጎን ወሰደቻቸው። «ጋሼ፣ እኔ ዘጠና ስምንት አይደለሁም።»

«ምን አልሽ?»

«የተወለድኩት ኅዳር ላይ ነው። የሚደመረው ሰባት ነበር። ያን ዓመት ዕድሜዬ አልፎ ነበር» አለችና መታወቂያውን ሰጠቻቸው።

ሽማግሌው ወሮቹን በጣታቸው አንጓ ላይ ቆጠሩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ደግመው ቆጠሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ማን ጠየቀሽ? አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ እኔ ምንድን ነው ያየሁት? ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። በዓይኔ ነው ያየሁት!»

«ሜትሩማ ልክ ነው ጋሼ። ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ አባይነህ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ማስመሪያ ፈለጉ፣ ስላጡ የመታወቂያዋን ጠርዝ አስደግፈው በስሟ ላይ አንድ መስመር አሰመሩ። ያለ ገዲሴ ውርወራ ክብረ ወሰኑ ያ አስራ አንድ ሜትር ያልሞላው የድሮው ነበርና፣ ከሥሩ የሴናን ጻፉ። ቀይ እስክሪብቶ አልነበራቸውም፤ በሰማያዊ ጻፉት። መታወቂያውን ሲመልሱላት ቀና ብለው አላዩዋትም።

ሴና ነገሩ ሲነገራት መጀመሪያ አላመነችም፤ ከዚያ ጮኸች፣ ገዲሴን አቅፋ አነሳቻት፤ ገዲሴን ማንሳት የቻለ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ስልኳን አውጥታ ወደ እናቷ እየደወለች ሳለ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ቆይ ኮች፣ ዕድሜ ቀንሰሽ ነው እንዴ የወረወርሽው?»

ክፋት አልነበረባትም፤ የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ገዲሴ ስለ ጸሐፊዋ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ስምንቱ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ረጅም ነገር ነው፤ ከስልኩ ወዲያ ደግሞ እናትየው «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላሉ።

«አዎ» አለች።

ሴና ሰኔ ላይ ሄደች። መጀመሪያ በየቀኑ ትደውል ነበር፤ ኋላ በሳምንት። «ኮች፣ እዚህ ስምንት ወርዋሪዎች ነን! አሎሎ የሚመልስልሽ ሰው ሞልቷል!» አለቻት አንድ ቀን። ገዲሴ ደስ አላት። ቀናችባትም። አሎሎው በሩ ሥር ወደ ቀድሞ ሥራው ተመልሷል።

አንድ እሑድ ዝናቡ አባርቶ ሳለ አነሳችውና ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወሰደችው። አንገቷ ሥር አስገባችው፣ ጉልበቷን ሰበር አደረገች፣ ወረወረች። ጥሩ ውርወራ ነበር፤ ክንዷ ነገራት። አሎሎው ከወዲያኛው ጫፍ ጭቃው ውስጥ ጠለቀ። ገዲሴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እንደለመደችው፣ እስኪመለስላት ቆማ ጠበቀች። የምታደርገውን ያወቀችው ትንሽ ከቆየች በኋላ ነው። ከዚያ ሄደች፣ ጎንበስ ብላ አነሳችው።