ባለቤት የሌለው እንሰት

ዛሬ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የድሮውን የሳይንስ አስተማሪያችንን ምሳ ጋብዘን፣ እናቴን ከታሪኩ ሲያወጧት ሰማሁ።

«በጃንሆይ ጊዜ የአበባ ተክሎችን ቤተሰብ ሳስተምር፣ ባለቤት የሌለው ጓሮ ውስጥ ያበበ እንሰት አገኘሁ» አሉ። ሰው አጨበጨበ።

ጓሮው ከከተማው ወጣ ብሎ ሌሞ ወረዳ ያለው የእኛ ነበር።

እንሰት አብቦ ከቆየ ምግቡ ያልቃል፤ ስለዚህ ቀድሞ ይቆረጣል። እሳቸው ግን ቤታችን ድረስ መጥተው «ከሙዝ ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑን ለተማሪዎቼ በአበባው ላሳያቸው» ብለው እናቴን ለመኗት።

አባቴ አጉረመረመ። እሷ «የልጄ አስተማሪ ለምኖኝ እንዴት እምቢ እላለሁ» ብላ ትልቁን እንሰት ሳትቆርጥ እስኪያብብ ተወችላቸው። አበባውን ይዘው ሄዱ። እኛ ቆጮ አጥሮን፣ ጎረቤት እየላከልን ክረምቱን ወጣን።

የእንሰትን ዘመድ እስከ ሙዝ ድረስ ይቆጥራሉ። እንሰቱን የሰጣቸውን ቤት ግን ረሱት።

ስሰናበታቸው እጄን ይዘው «አንተ የማን ልጅ ነበርክ?» አሉኝ።

«የዚያ ባለቤት የሌለው ጓሮ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ።»

እጄን ለቀቁት።

የእናንተስ እናት ሰጥታ ስሟ ሳይጠራ የቀረበት ነገር የለም? ስሟን ከታች ጻፉልኝ።

የእኔ ኑሪያ ትባል ነበር።